«ና፣ ና፣ ና… ቁም!»፦ አስተናጋጇ ወደ ካፒቴኑ የምትደውለው ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ! የከባድ መኪና ሾፌር ወደ ኋላ ሲነዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ይቆማል። «ና፣ ና፣ ና… ቁም!» ይላል። ሾፌሩ መስታወት አለው፤ መስታወቱ ግን ግራና ቀኙን እንጂ ከተሳቢው ጀርባ ያለውን አያሳየውም። ስለዚህ «ቁም» ሲባል «ለምን?» ብሎ አይከራከርም፤ መጀመሪያ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱም ስለ መሪ አያያዝ አያስተምረውም። ያየውን ይጮኻል፣ በቃ! ይህችን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት።

የበረራ አስተናጋጆች እንደዚያ ረዳት ናቸው። የተቃጠለ ሽቦ የመሰለ ሽታ፣ ከእግር ሥር የሚሰማ እንግዳ ንዝረት፣ በመስኮት የሚታይ ብልጭታ፤ ይህን ሁሉ ቀድመው ሊያውቁት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። አስተናጋጇ የውስጥ ስልኩን ስታነሳ «ሞተሩ ተበላሽቷል» አትልም። «በግራ በኩል፣ ከሞተሩ ኋላ እሳት ይታየኛል» ትላለች። ምርመራው የአብራሪዎቹ ነው። አውሮፕላኑ ከ10,000 ጫማ በታች ሲሆን ከአብራሪዎቹ ጋር ከበረራው ሥራ ውጪ የሆነ ወሬ ማውራት ክልክል ነው፤ የደኅንነት ጉዳይ ግን አይከለከልም። ካፒቴኑ አራት ነገር ይነግራታል፦ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ የተለየ ትእዛዝ ካለ። እርሷም መልሳ ትደግምለታለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «ያ ሁሉ መሣሪያ ፊታቸው ተደርድሮ፣ ከኋላ ያለ ሰው ምን ይጨምራል?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህን ሳልመልስ አላልፍም!

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1989 አንድ ቦይንግ 737-400 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ይበር ነበር። የግራው ሞተር ማራገቢያ ምላጭ ተሰበረ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጭስ ገባ። አብራሪዎቹ ያጠፉት ግን የቀኙን፣ ደኅናውን ሞተር ነው። መሣሪያ ስላልነበረ አይደለም፤ የንዝረት መለኪያው የግራውን ችግር እያሳየ ነበር። ትንሽ ነበርና ልብ አላሉትም። ካፒቴኑም ችግሩ የቀኙ ሞተር እንደሆነና እንደጠፋ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። እስቲ አስቡት፤ ጆሯችሁ «ቀኝ» ሲሰማ ዓይናችሁ በግራ መስኮት እሳት አይቷል። ብዙ ተሳፋሪዎችና ሦስት አስተናጋጆች የግራውን እሳት አይተው ነበር። ለካፒቴኑ ግን አልደረሰውም። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ሳይደርስ ኬግዎርዝ በተባለች የእንግሊዝ መንደር አጠገብ ወደቀ። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ።

ዝም ባሉት አልፈርድም፤ «ካፒቴን ሳያውቅ ይቀራል?» ማለት የሁላችንም ጠባይ ነው። ግን ያ ረዳት ከተሳቢው ኋላ ሕፃን እያየ «ሾፌሩ ሳያየው አይቀርም» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

እናንተም የሚያስፈራ ነገር ካያችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለውን የጥሪ ቁልፍ ተጫኑ። «በግራ፣ ከክንፉ ሥር፣ አሁን» በሉ። ቻናሉን ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ ከመውጫ በሮች ግማሹ ብቻ ተከፍቶ አውሮፕላን በ90 ሰከንድ እንዴት ባዶ እንደሚሆን አሳያችኋለሁ።