ወንዙ ሞልቶ ስለነበር

እሺ፣ ገባን። ፕሮዲዩሰራችን፣ የጎረቤቱ አውራ ዶሮ፣ ዛሬ ዝም ብሏል። ታረደ እንዳትሉ፣ ጠዋት አይቼዋለሁ። [ሳቅ]

ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር አይደል? አልቀጥልም። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው።

የእድር ስብሰባ ነበር። የእኛን እድር ታውቁታላችሁ፣ ስለ ድንኳኑ ስንቴ አማርሬያለሁ። ስብሰባው አልቆ ሰው እየተበተነ ነው፤ እኔ አግዳሚ ወደ መጋዘን አስገባለሁ። ጸሐፊያችን፣ ያው ጋሼ፣ መዝገቡን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መጡና፣ "አንቺ፣ ያ የምትጽፊው ነገር የት ደረሰ?" አሉኝ። የቱ ጋሼ? "ስለ ወንዙ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባው ትጽፊ የለም እንዴ?"

"ሥራ በዛብኝ" አልኩ።

ውሸት እኮ አይደለም፣ ሥራ በዝቷል። እሳቸው ግን ወይ አላመኑኝም ወይ አልሰሙኝም። መዝገቡን አግዳሚው ላይ ዘርግተው ይገልጡ ጀመር። መዋጮ፣ ቀሪ፣ ቅጣት፣ የድንኳን ኪራይ፣ ቅጣት። እኔ በልቤ ያልከፈልኩት ወር ተገኘ ብያለሁ። [ሳቅ] ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። የሐምሌ ቃለ ጉባኤ ነው፣ በጣም የቆየ። እንዲህ ይላል፤ "ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ከማዶ ያሉ አባላት ቀሪ ቢሆኑም ቅጣት እንዳይመዘገብባቸው ተወስኗል።"

በቃ። ቀጣዩ መስመር ስለ ብረት ድስት ነው።

ትንሽ ገልጠው ደግሞ፣ በንፋስ አንድ ጥድ ስለወደቀ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ተለወጠ። ሌላ ቦታ፣ በበረዶ ምክንያት ቀብር ላይ ያልተገኙ እንዲታለፉ። እሳቸው እኮ ስለ ተፈጥሮ እየጻፉ መሆናቸውን የሚያውቁ አይመስለኝም። ወይም ያውቃሉ፣ ጋሼን ማን ያውቃቸዋል።

እኔ ስለ ቀበና ወንዝ ስጽፍ ምን ነበር የምጽፈው? ጭጋግ። ጠዋት ላይ እንጦጦ እንዴት እንደሚታይ። ጥሩ ነበር፣ አልክድም፣ አንዳንዱን አሁንም እወደዋለሁ። ግን እኔ ጋ ወንዙ ይታያል እንጂ የማንንም ቅጣት አያስቀርም። እሳቸው ጋ ወንዙ ጉባኤ ላይ ድምፅ አለው። እንዴት ልበላችሁ... ተሰብሳቢ ነው።

ለምን እንዳቆምኩ ግማሻችሁ ታውቃላችሁ። ስለ ተቆረጠ ዛፍ ስጽፍ "ልማት ትቃወሚያለሽ?" ተባልኩ። በወንዝ ዳር የተሠራውን መናፈሻ ወደድኩት ስል ደግሞ "ስንት ከፈሉሽ?" ሁለቱም ጠያቂዎች ዘመዶቼ ናቸው፣ ያውም አንድ ቤት የሚኖሩ! [ሳቅ] ችግኝ ራሱ ወገን አለው እኮ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል፣ የሚያጨበጭበውና የሚያሾፈው ነው የነበረው። እኔ የፈለግኩት ከዚያ ውስጥ አንዲቷን ይዞ የሚከተል ሰው ነበር። ማን አጠጣት? ፍየል በላት? ያንን የሚጽፍ የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

ደግሞ ዛፍ እዚህ አገር መቼ ፖለቲካ ያልሆነበት ጊዜ አለ? በምኒልክ ጊዜ ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር አልነበር? እዚሁ እንዲቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። አሁን ያው ባሕር ዛፍ ውሃ ጨረሰ ተብሎ ይከሰሳል። ክሱ እውነት አለው። ግን የእንጦጦ ሴቶች ተሸክመው የሚወርዱት ቅጠልና ጭራሮ ከየት ነው የሚመጣው? ስንቱን እንጀራ ነው ያጋገረው... ወዴት ሄድኩ?

ወንዙ። ቀበና ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የኛ ሰፈር እድፍ ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚቀረው ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ይኼን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከአገር የማይወጣ ወንዝ። አሁን ታች በዚሁ ውሃ የሚበቅለውን ጎመን ሳስብ ደስ አይለኝም።

እና እሁድ... መዝገቡን ዘጉና "ዓይኔ ደክሟል፣ ጸሐፊነቱን አንቺ ያዢው" አሉኝ። ይኼ ነው የከነከነኝ። መስመሮቹን ያሳዩኝ ሊያስተምሩኝ ነው፣ ወይስ ሥራውን ሊጭኑብኝ ሲያባብሉኝ? ሁለተኛው ይመስለኛል። ማታ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የእድር ጸሐፊ ማለት እኮ ያልከፈለን ሰው በስሙ የሚጠራ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይጠላኛል። ገንዘብ ያዧ ደግሞ ከእኔ ጋር... እሱን ተዉት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ስጪኝ ብለዋል። እሺ ብል ራሱ ምን ልጽፍ ነው? ወንዙ ዳርና ዳሩ ተገንብቷል። ከማዶ የነበሩት ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አንዳንዶቹ እድሩን አንለቅም ብለው በሁለት ታክሲ ነው የሚመጡት፣ ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ይደርሳሉ። ቅጣት ይመዘገብባቸዋል። ምን ልበል? "የታክሲ ሰልፍ ስለነበር ቅጣት እንዳይመዘገብባቸው"? [ሳቅ]

ቆይ ግን... እሱ እኮ... አይ፣ የእድሩ ዳኛ አይፈርሙበትም። ወይ ይፈርሙ ይሆን?