ፕሪንተሩ ከቶርኖው ጎን ይቀመጥ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ የጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ከምርት ክፍል የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ስለ አዲሱ ስሪዲ ፕሪንተራችን ገለጻ እንዳደርግ ተጠይቄያለሁ። አደርጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በእጄ የያዝኳትን ይህችን የፕላስቲክ ጊር እዩልኝ። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። 24 ጥርስ ነበራት፤ ሁለቱ ረግፈዋል።

ታሪኳን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ቢሆንም ልድገመው። አምና በገና ማግስት ተሰብራ የሌብል ማሽኑን አቆመችው። ለብቻዋ አትሸጥም፣ ሙሉውን ክፍል ግዙ ተባልን። ከዚያ ፕሮፎርማ፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። እኔ ሱማሌ ተራን አዳረስኩ። ምናለሽ ተራ ገብቼ የተጣለ ፎቶኮፒ ማሽን ሆድ ዕቃ ስበረብር ዋልኩ። የምትመስላት አገኘሁ፤ ጥርሷ 22 ሆነ። የቶርኖው፣ የብረት መቅረጫ ማሽናችን፣ ባለሙያ ጋሼ፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ከአሉሚኒየም ቀርጸው አወጡልን። ሠራች። ግን ፕላስቲኳ ጫና ሲበዛ እሷ ተሰብራ ሌላውን ታድን ነበር። አሉሚኒየሙ አልሰበርም ብሎ አጠገቡ ያለውን ውድ ክፍል በላው። አምስት ወር ሙሉ እህቶቻችን ሌብል በእጃቸው ለጠፉ። ጣታቸው በሙጫ ተላጠ። በአንዲት ጊር ምክንያት!

ዕቃው መጣ። ዘንድሮ ያቺው ጊር ደግማ ተሰበረች። በዚያው ሰሞን ፕሪንተሩ ገባ።

በካሊፐር ለካን፣ ኮምፒውተር ላይ ሳልናት። ፕሪንተሩ ክር የመሰለ ፕላስቲክ እያቀለጠ በ0.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያወጣል፤ 0.2 ሚሊሜትር በ0.2 ሚሊሜትር እየደረበ ይገነባል። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደመደረብ በሉት። የመጀመሪያዋን ፒኤልኤ በሚባል ፕላስቲክ አተምናት። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ የሌብል ማሽናችን ደግሞ ሙጫ ያሞቃል። በአንድ ፈረቃ እንደ ሰም ሟሸሸች። ሁለተኛዋ እኩሌታ ላይ መብራት ሄደባት። ሦስተኛዋን በናይለን አደረግናት። ናይለን እርጥበት ይጠጣል፤ ጥቅልሉን አድርቀን አስገባነው። ዛሬ 19ኛ ቀኗ ነው። እዚህ ስናወራ እሷ እየዞረች ነው።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ከስሪዲ ህትመት ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ቻርልስ ሃል የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የእኛን ዓይነቱን ያመጣው ስኮት ክረምፕ ደግሞ ለልጁ የእንቁራሪት መጫወቻ ሊሠራ በሙጫ ሽጉጥ ሲሞክር ነው ሐሳቡ የመጣለት። እየነካካ፣ እያበላሸ። «አትንካ» የሚለው አልነበረም።

እኔ ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ግን ነበረ። እንዲህ ያለ ፕሪንተር ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል፣ የቁልፍ መያዣ ታትሞ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጨርቁ ይመለሳል። ከግድግዳው ማዶ የእኛ ማሽን በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። «ንብረት ነው፣ ቢበላሽስ?» አሉኝ። እስክለቅ ድረስ አንድ መለዋወጫ አላተመም። ማሽን ለእንግዳ አይገዛም! ባለሙያ ካልነካው ቆርቆሮ ነው! ጨርቅ የሚለብሰው ሬሳ እንጂ መሣሪያ አይደለም!

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በሁሉም ፊት እጠይቅዎታለሁ። ይህ ፕሪንተር ከቶርኖው ጎን ይቀመጥ። ቁልፉ በፈረቃ መሪው እጅ ይሁን። ለተበላሸ ህትመት የማንም ደመወዝ አይቆረጥ። ያቺ የሟሸሸችው ባትኖር ናይለኗ አትኖርም ነበር።

ጋሼ፣ «እንጀራችንን ሊወስድ ነው» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አይወስድም። ጫና የሚሸከመውን የብረት ዘንግ ይህ ማሽን አያወጣውም፤ የእርስዎ ነው። ደግሞስ የሦስተኛዋን ቀዳዳ ገና ስክሪን ላይ አይተው «ይጠባል፣ አስፉት» ያሉን ማን ሆኑና?

መብራት ሲሄድ ፕሪንተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ገብቷል። የሥልጠናው ፕሮግራም ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

በየመሳቢያችሁ «አንድ ቀን ይገኝላት ይሆናል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የተሰበረ ዕቃ እንዳለ አውቃለሁ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይዛችሁት ኑ። ካሊፐሩን ይዤ ቶርኖው ጋ እጠብቃችኋለሁ።