ችሎት ሲቀዘቅዝ ጠበቃ ምን ይበላል?

ይህ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን የተላለፈ የሬዲዮ ጥያቄና መልስ ነው። ደዋዮቹ በወረርሽኙ ሳቢያ ገቢያቸው የወረደባቸው የጎጃም ጠበቆች ናቸው። መልስ የሚሰጧቸው በሙያው ያረጁ ጠበቃ ናቸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ የቢሮ ኪራይ ሦስት ወር አልከፈልኩም። አከራዬ ሊያስወጣኝ ይችላል? የሚከለክል አዋጅ አለ ይላሉ።

መልስ፦ ነበር። በመጋቢት 2012 መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከልክሎ ነበር። የአምስት ወር ነገር ነው፣ አለፈ። አሁን የሚገዛህ ውልህ ነው። ለመሆኑ ውል አለህ? «በቃል ነው የተስማማነው» የምትሉኝ ጠበቆች ብዛታችሁ! ለሰው ውል ትጽፋላችሁ፣ የራሳችሁን በአፍ። አከራይህ ሳይጠራህ ቀድመህ ሂድ፣ የምትችለውን ንገረው፣ የተስማማችሁትን ጻፉት። ካልሆነ ከሌላ ጠበቃ ጋር አንድ ክፍል ተጋራ፤ ነውር የለውም።

ከቢቸና፦ የጥብቅና ዋጋ ልቀንስ?

መልስ፦ ቀንስ። ወይም ገበሬው እህሉን ሲያስገባ ይክፈልህ። ግን በጽሑፍ።

ከባሕር ዳር፦ ጸሐፊዬን ችሎቱ እስኪሞቅ ያለ ደመወዝ ላሳርፋት?

መልስ፦ «ቤትሽ ቁጭ በይ፣ እደውልልሻለሁ» ብለህ አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ባንተ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራህ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆም ማገድን ይፈቅዳል፤ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ታሳውቃለህ፣ ከ90 ቀንም አያልፍም። አስተውል፣ የክስህን ወረቀት ሁሉ የምትተይበው እሷ ናት፤ የራሷን ክስ ለመጻፍ ማንንም አትለምንም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለባለጉዳዬ በፍርድ አፈጻጸም የተቀበልኩለት ብር በእጄ አለ። ለጊዜው ኪራይ ከፍዬበት፣ ገቢ ሳገኝ ብተካውስ?

መልስ፦ ተው! ተው ልጄ! ደግ አደረግህ ጠየቅኸኝ፤ ብዙው ሳይጠይቅ ነው የሚያደርገው። ሁሉም «ለጊዜው» ነው የሚለው። ያ ብር የአደራ ብር ነው። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ሲባል አልሰማህም? አደራ በላ ከተባልክ በኋላ በዚያ ከተማ ማን ውክልና ይሰጥሃል? ሕጉም ዝም አይልም፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል የሚባለው ይኸው ነው። ፈቃድህም አብሮ ይሄዳል።

እኔ ወጣት ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጠበቃ ነበር፤ ጎበዝ ተከራካሪ። የአንድ ገበሬ ብር ለሁለት ሳምንት ብሎ ነካ። ገበሬው ግን ከእርሻ በፊት በሬ ሊገዛበት ኖሮ በሳምንቱ መጣ። «ነገ» አለው። በነጋታውም «ነገ»። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰውየው ሽማግሌ አልላከም፤ ፖሊስ ይዞ መጣ። ያን ሁሉ ያመጣው የሁለት ወር ኪራይ ነው።

ስለዚህ ለባለጉዳይ ብር ሌላ የባንክ ሂሳብ ክፈት። ብር የገባ ዕለት ደውለህ ንገረው፤ ማታ ሳይሆን ያኔውኑ። ዋጋህን ከዚያ ብር ላይ ውሉ ከፈቀደልህ ብቻ ቀንስ፣ ደረሰኝ ስጥ። ቀድመህ ነክተኸው ከሆነ ደግሞ ለእኔ በሬዲዮ አትንገረኝ፤ ዛሬውኑ ተክተህ፣ ጠበቃ ብትሆንም ጠበቃ አማክር።

ከሞጣ፦ ክርክር ከሌለ ምን እንሥራ?

መልስ፦ ክርክር ሲጠፋ ምክር ይፈለጋል። ነጋዴው ሁሉ «ኮሮና ስለመጣ ከውሌ ነጻ ነኝ ወይ?» እያለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1792 አንብብለት፤ ከአቅም በላይ የሚባለው ሊገመት የማይችልና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚያግድ ነገር ነው። ስለከበደ ብቻ አይባልም። ይህን ቀድሞ የነገርከው ነጋዴ ከመካሰስ ይድናል፤ የዕዳ ድርድር፣ የውል ማሻሻያ ሁሉ ላንተ ሥራ ነው። በስልክም ይሠራል። ዋጋውን ግን አስቀድመህ፣ በጽሑፍ!

ከዳንግላ፦ ሦስት ጠበቆች ነን፤ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም እንችላለን?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ፈቃድ ላላቸው ፈቅዷል። የክልል ፈቃድ ከሆነ የያዛችሁት፣ ፈቃዱን የሰጣችሁን ክፍል ጠይቁ።

ከቡሬ፦ ወሸባ ገብቼ የደንበኛዬ የይግባኝ ጊዜ አለፈ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው፤ የጠበቃ መዘግየት ደግሞ ለባለጉዳዩ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ያንተ ሕመም ከዚህ ይለያል ወይ የሚለውን መዝገቡን ሳላይ አልመልስም። የሕክምና ማስረጃህን ያዝ፣ ለደንበኛህ እውነቱን ንገረው፣ ዛሬውኑ ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ስልኩን ዝጋና ሂድ።