ስብ ነው ወይስ የጡት እጢ?

ሰላም ወንድሜ። ዛሬ የማነሳው ብዙ ወንድ ሰፊ ሸሚዝ እየለበሰ የሚደብቀውን፣ ለሐኪም እንኳ ለመናገር የሚያፍርበትን የደረት ስብ ነው። ስፖርት ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ ነገር በጣትህ አረጋግጥልኝ።

በጀርባህ ተኛ። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጡትህን ከግራና ከቀኝ ያዝና ጣቶችህን ቀስ እያልክ ወደ ጡቱ ጫፍ አቀራርባቸው። ምንም ሳያግዳቸው ጫፉ ጋ ከተገናኙ የያዝከው ስብ ሳይሆን አይቀርም። ከጫፉ ስር እንደ ላስቲክ ጠንከር ያለ ክብ ነገር ካገኘህ ግን የጡት እጢ ሊሆን ይችላል። እጢ ስል ካንሰር ማለቴ አይደለም፤ ወንድም ሴትም ያለው የጡት ሥጋ ነው። ስብ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ እጢ ግን በሩጫ አይጠፋም። ይህን ሳይለዩ ወራት የሚለፉ ወንዶች ያሳዝኑኛል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

ስብ ከሆነ፣ ከደረት ብቻ ነጥሎ ማክሳት የሚባል ነገር የለም። ፑሽ አፕ ከስቡ ስር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ስብ መርጦ አያቃጥልም። ሰውነትህ ስቡን ከየት እንደሚያነሳ አንተን አያማክርም፤ ደረት ላይ ያለው ዘግይቶ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ሰውነትህ በቀን ከሚያስፈልገው ካሎሪ ከ300 እስከ 500 ቀንስ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ መቀነስ ለብዙ ሰው ጥሩ ፍጥነት ነው። ከዚህ በላይ ራስህን ካስራብክ ጡንቻህም አብሮ ይሄድና ደረትህ የባሰ ይላላል። ፕሮቲን በኪሎ ክብደትህ 1.6 ግራም አስብ፤ 80 ኪሎ ከሆንክ 128 ግራም፣ በቀኑ ምግቦች ተከፋፍሎ። የኩላሊት ሕመም ካለብህ ግን መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ። ጣፋጭ መጠጥና አልኮል ሳያጠግቡ ካሎሪ ስለሚጨምሩ መጀመሪያ እነሱን ቀንስ።

በሳምንት 3 ቀን ክብደት አንሳ። ፑሽ አፕ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ከዚያ በእኩል መጠን ክብደት ወደ ሆድህ የምትስብበት የጀርባ ስፖርት ሥራ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጀርባ ሲደክም ትከሻ ወደ ፊት ይጎብጥና ደረቱ ይበልጥ የወደቀ ይመስላል። እግርህንም አትርሳ። በቀሪዎቹ ቀናት 30 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ። በየ2 ሳምንቱ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምስ፣ ሜትሩን አንዴ በጡትህ ጫፍ፣ አንዴ በእምብርትህ ዙሪያ አድርገህ ለካ። ወገብህ እየቀነሰ ደረትህ ባለበት ከቆመ ተስፋ አትቁረጥ፣ ቀጥል።

እጢ ከሆነስ? በጉርምስና የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል። በአዋቂ ላይ ግን ለደም ግፊትና ለልብ ድካም እንደሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት፣ ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ወይም የጉበት ሕመም ሊያመጣው ይችላል። የታዘዘልህን መድኃኒት በራስህ አታቋርጥ፤ ያዘዘልህን ሐኪም አነጋግር። ከ1 ዓመት በላይ የቆየ እጢ እየጠነከረ ስለሚሄድ በመድኃኒት ብዙም አይመለስም፤ ያኔ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው።

በአንድ ጡት ብቻ፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ ድንጋይ የመሰለ እብጠት ካገኘህ፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ፣ ወይም በዘር ፍሬህ ላይ እብጠት ከዳሰስክ፣ ክብደት እስክትቀንስ አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂድ።