ጣታችሁን ቅጠሉ ላይ

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ የልማት ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንድ አባት ማሳቸውን አሳዩኝ። ስንዴው ቢጫ ብሏል። መንገድ ላይ እንደቆምኩ «ማዳበሪያ አንሶት ነው፤ ዩሪያ ይጨምሩበት» አልኳቸው። ቅጠሉን አልነካሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ማሳውን ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ጨርሶታል። ዩሪያውም አባሰው እንጂ አላዳነውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ማዳበሪያ ያነሰውን ቅጠል ብታሹት ጣት ላይ የሚቀር ነገር የለም። ዋግ ግን ዱቄት ይተዋል። ቢጫ ዋግ ከሆነ እርድ የነካችሁ ይመስላል። ባደገ ቅጠል ላይ ብጉሩ በመርፌ እንደተሰፋ በቁመቱ ተደርድሮ ይታያል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን ይመርጣል፤ ዱቄቱ የሸክላ ጡብ መልክ አለው። የግንዱን ቆዳ ቀድዶ ስለሚወጣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንኳ ብትዳስሱት ይሻክራችኋል። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ለአጨዳ ሦስት ሳምንት የቀረውን ያማረ ማሳ የተሰባበረ ጥቁር ገለባ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። የቅጠል ዋግ ብርቱካንማ ቡኒ ነው፤ መስመር አይሠራም፣ ቅጠሉ ላይ ይበተናል።

«የኔ ዘር ዋግ ይችላል» የሚል አይጠፋም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ መታ። ብዙ ገበሬ ቢጫውን ወደሚችለው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። በ2013 ደግሞ ባሌና አርሲ ላይ የግንድ ዋግ ዲገሉን ጣለው። ጥሩ ዘር የዘራ ሰውም ማሳው ውስጥ ይግባ።

ዋግ የሚኖረው ነፍስ ባለው ተክል ላይ ነው። ቆጋ ላይ በበጋ በመስኖ ስንዴ እንዘራለን፤ ደስ ይላል። ግን ዋጉም ከክረምት ወደ ክረምት የሚሸጋገርበት አረንጓዴ ማረፊያ ያገኛል። ረግፎ በራሱ የበቀለውን ስንዴ ንቀሉት፣ አደራ።

የዘጌ ቡና አምራቾች፣ የስንዴው ዋግ ቡናችሁን አይነካም። ቡና የራሱ ዋግ አለው። ከላይ ቢጫ ጠቃጠቆ ስታዩ ቅጠሉን ገልብጡት፤ ብርቱካንማው ዱቄት ከሥር ነው።

ያያችሁትን በዕለቱ ለልማት ጣቢያው ንገሩ። ኬሚካል በደንብ የሚሠራው በሽታው ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ነው። ናሙና ስትወስዱ በወረቀት ጠቅልሉት እንጂ በፌስታል አታፍኑት፤ ይሻግታል።

በሉ ወደ ማሳው እንውረድ። የመጀመሪያውን ቅጠል እናንተ እሹት፣ እኔ አያለሁ።