የተቀደደው የፀሐይ ክንፍ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የምህንድስና ተማሪዎች፤

ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የግንባታ ጉዞዎች ሁሉ፣ በእኛ እምነት ለመሐንዲስ ብዙ የምታስተምረው የዲስከቨሪ መንኮራኩር የ2007 ጉዞ ናት።

መንኮራኩሯ በፓሜላ ሜልሮይ አዛዥነት ከፍሎሪዳ የተነሳችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ነው። የጫነችው ሃርመኒ፣ ጣሊያን ውስጥ የተሠራ 14 ቶን ገደማ የሚመዝን ክፍል ነበር። የአውሮፓና የጃፓን ቤተ ሙከራዎች የሚገጠሙት እሱ ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠፈርተኞቹ ፒ6 የተባለውን ማገር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት የፀሐይ ክንፎቹ ጋር ከጊዜያዊ ቦታው ነቅለው በጣቢያው ግራ ጫፍ መትከል ነበረባቸው። በዚያው ሰሞን፣ በቀኝ በኩል ክንፎቹን ወደ ፀሐይ በሚያዞረው መገጣጠሚያ ውስጥ የብረት ብናኝ ተገኘ። የግራው ኃይል ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

ማገሩ በሚገባ ተተከለ። ችግሩ የመጣው ታጥፈው የነበሩት ክንፎች ሲዘረጉ ነው። ክንፉ 35 ሜትር ገደማ የሚረዝም ስስ ንጣፍ ነው፤ ሲዘረጋ መስመሩን እንዳይስት ቀጫጭን መሪ ሽቦዎች ይይዙታል። አንደኛው ክንፍ ያለ እንከን ተዘረጋ። ሁለተኛው ግን ኦክቶበር 30፣ አብዛኛው ከወጣ በኋላ ተቀደደ። መሪ ሽቦው ተተልትሎ ከንጣፉ ማጠፊያ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ክንፉን የሚዘረጋው ምሰሶ ወደ ውጭ ሲገፋ ሽቦው አለቅም አለ፣ ንጣፉ ተሸነፈ። ጠፈርተኞቹ እንዳዩት ዝርጋታውን አቆሙ።

በዚያ ሁኔታ መተው አይቻልም፤ ክንፉ የሚጠነክረው ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ንጣፉ ሲወጠር ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያስጨንቀው ደግሞ ፀሐይ የመታው ክንፍ ኤሌክትሪኩን ማጥፊያ የለውም። ጥገናው ከ100 ቮልት በላይ በተሸከመ ነገር አጠገብ ነው። ስለዚህ የእጅ መሣሪያዎቹና የጠፈር ልብሱ ብረታ ብረት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ካፕተን ቴፕ ተጠቀለሉ።

መጠገኛ ዕቃ ከምድር አልተላከም። ጣቢያው ውስጥ ሽቦ ተቆረጠ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የአሉሚኒየም ቁራጭ ገባ፣ በቴፕም ተሸፈነ፤ አምስት ማያያዣ ወጣው። አሠራሩ የሸሚዝ እጅጌ ቁልፍን ይመስላል፦ አንዱ ጫፍ ከስንጥቁ በላይ፣ ሌላው ከታች ባለ ቀዳዳ ገብቶ ይያዛል፤ የተቀደደው ማጠፊያ መሸከም ያቃተውን ጭነት ሽቦው ይሸከማል።

ኖቬምበር 3 ስኮት ፓራዚንስኪና ዳግላስ ዊሎክ ወጡ። የጣቢያው ሮቦት ክንድ ብቻውን ስለማይደርስ የመንኮራኩሯን ሙቀት መከላከያ ለመመርመር የሚያገለግል 15 ሜትር ዘንግ ተቀጠለለት፤ ፓራዚንስኪ እግሩን ከዘንጉ ጫፍ አስሮ ቆመ። ዊሎክ ከክንፉ ሥር ሆኖ ርቀቱን ይከታተላል። ክንፉ ወደ እሱ ሲወዛወዝ ፓራዚንስኪ በቴፕ በተጠቀለለ መግፊያ ይመልሰው ነበር። የተያያዘውን ሽቦ ቆረጠ፣ አምስቱንም ማያያዣ አስገባ። ክንፉ በጥቂት በጥቂቱ እየተገፋ እስከ መጨረሻው ወጣ። ሥራው 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀ።

በፌብሩዋሪ 2008 የአውሮፓው ኮሎምበስ ቤተ ሙከራ ሃርመኒ ላይ ተገጠመ።