ቶንሲልና ልብ፦ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ውድ ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ የምዝገባ ጥድፊያ መሀል ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ የልብ በራቸው ለተጎዳ ልጆች በየ28 ቀኑ መርፌ እወጋለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከቶንሲል ተነስቼ ነው፤ የአብዛኞቹ የነዚያ ልጆች ሕመም የጀመረው ከጉሮሮ ነውና።

ልጅ ጉሮሮዬን ሲል ዝንጅብል በማር እናፈላለን፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እንሰጣለን። እኔም ለልጆቼ አፈላለሁ፤ ጉሮሮን ያለሰልሳል። እንጥል ማስቆረጥን ግን እባካችሁ ተዉት። ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ አይነካውም። እሱን የሚገድለው ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ነው፤ ትኩሳቱ በረደ ተብሎ ሳይቋረጥ፣ እስከታዘዘበት ቀን ከተወሰደ። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ባክቴሪያ አይመጣም፤ አብዛኛው ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይለቃል። ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ያተኮሰው፣ መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት ያበጠበት ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይታይ።

ብዙ እናቶች «ኢሚዩኒቲ የሚጨምርለት ነገር ንገሪኝ» ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ከጉሮሮ ተነስቶ ልብን የሚጎዳው ይህ ሕመም፣ ሩማቲክ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ስለደከመ የሚመጣ አይደለም። መከላከያው ባክቴሪያውን ሊመታ ይነሳል፤ የባክቴሪያው ፕሮቲን የልብን ሥጋ ስለሚመስል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የልጁን የገዛ ልብ መምታት ይጀምራል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ይለቀውና ቁርጭምጭሚቱ ይቀጥላል። እኛ «እያደገ ነው» ብለን እናልፋለን። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ የልብ በሮች ላይ የቀረው ጠባሳ አይለቅም። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር በሩ ወይ ይጠባል፣ ወይ አልገጥም ይላል። በሩ በጣም የተጎዳ ልጅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ድርጅት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ስለከፈተ፣ ዛሬ በአገራችን ይሠራል። ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ልቡ አንዴ የተነካ ልጅን ከዳግም ጥቃት የሚጠብቀው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። እንደ ወተት የነጣ፣ ወፍራም መድኃኒት ነው፤ መርፌውን ይደፍናል። ብልቃጡን በመዳፌ መሀል አሽቼ አሞቀዋለሁ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ እወጋለሁ። ያማል፤ ልጆቹ እያነከሱ ነው የሚወጡት። መምህራን፣ በዚያን ቀን ልጁ ስፖርት አልሠራም ቢል ተቀበሉት።

ይህ መርፌ ለዓመታት ይቀጥላል፤ ለአንዳንዱ እስከ 40 ዓመቱ። አንዲት እናት የልጇን ቀን በማርያም ትቆጥር ነበር፤ በየወሩ በ21። ነሐሴ 21 ወጋሁት፣ መስከረም 21 ይዛው መጣች። ጳጉሜ መሀል ገብታ 35 ቀን ሆኖት ነበር። ቶንሲል ይዞት፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው የመጣው። እሷ አልሰነፈችም። «በወሩ ነይ» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ካርዱ ላይ አልጻፍኩላትም። ያ ቀን እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የነዚህን ልጆች ጥርስ ተንከባከቡ። ከተበላሸ ጥርስ በደም የሚሄድ ባክቴሪያ የልቡ ጠባሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥርስ ሊነቀል ሲሄድም ሐኪሙ ስለ ልቡ አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ነሐሴ ነው። ልጃችሁ መርፌ የሚወጋ ከሆነ ካርዱን ዛሬ ማታ አውጡና ጳጉሜን ጨምራችሁ ቁጠሩ። ጳጉሜ አምስት ቀን ስትሆን፣ ነሐሴ 21 የተወጋ ልጅ ቀጠሮው መስከረም 14 ነው። ካርድ የጠፋባችሁ፣ ወይም ቀኑ ያለፈባችሁ ካላችሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ እቆያለሁ፤ አብረን እንቆጥራለን።